ስለ ዳታቤዝ ድሬዳዋ ላይ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ

ሥራዬ የሱቅ፣ የፋርማሲና የመጋዘን ዳታቤዝ መሥራትና የተበላሸውን መጠገን ነው። ከዚራ ሠፈር ዛፍ ሥር ማኪያቶ ይዤ ስቀመጥ ላፕቶፑን ከፍቶ «አቦ፣ ይቺን አንዴ እያት» የሚለኝ አይጠፋም። የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ሐረር ስገባም ጥያቄው ያው ነው። እዚህ የሰበሰብኩት ደጋግሞ የመጣውን ነው። ትዕዛዞቹን በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ማሽኑ ላይ ግን በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት።

ማይኤስኪውኤል፣ ፖስትግሬስ ወይስ ኤስኪውላይት?

ሦስቱም ዳታቤዝ የሚያስተዳድሩ ፕሮግራሞች ናቸው። አንድ ኮምፒውተርና አንድ ካሸር ከሆነ ኤስኪውላይት ይበቃል። ዳታቤዙ በሙሉ አንድ ፋይል ነው፤ ሰርቨር አይፈልግም። ግን በአንድ ጊዜ መጻፍ የሚችለው አንድ ብቻ ነው፤ ሌላው ወረፋ ይጠብቃል። ሦስት ካሸርና ራቅ ያለ መጋዘን ካላችሁ ከቀሩት ሁለቱ አንዱን ያዙ።

ለእኔ ከተተወ ፖስትግሬስ ነው፤ ለተሳሳተ ዳታ ፊት አይሰጥም። ማይኤስኪውኤል የሚችል ልጅ ግን ሠፈር ውስጥ ቶሎ ይገኛል። ሌሊት ሲበላሽ የሚደርስላችሁ ሰው መኖሩም አንድ መስፈርት ነው። ሦስቱም የሚሠሩት የአይቢኤሙ ኤድጋር ኮድ በፈረንጆች 1970 ባወጣው ሐሳብ ነው፤ አንዱን የለመደ ሌላው አይከብደውም።

አማርኛ አስገብቼ ሳወጣው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። ፎንት ልጫን?

አትጫን። ችግሩ ፎንት አይደለም። ቴብሉ (ዳታው የሚቀመጥበት ሰንጠረዥ) የተሠራው ላቲን1 በሚባል የፊደል ስብስብ ነው፤ እዚያ ውስጥ «ሀ» የሚባል ነገር የለም። ዳታቤዙ የማያውቀውን ፊደል በ«?» ተካው። መጥፎው ዜና እዚህ ላይ ነው፦ አንዴ እንዲህ ሆኖ ከተቀመጠ ዋናው ፊደል የለም። ከወረቀት ላይ እንደገና መጻፍ ነው።

ማይኤስኪውኤል ላይ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 የሚለውን ምረጡ። ዩቲኤፍ8 ብቻ ይባል የነበረው አሮጌው በ3 ባይት ያበቃል። አማርኛ የምንጽፍባቸው ፊደሎች እያንዳንዳቸው 3 ባይት ስለሆኑ ይገቡበታል፤ አብዛኛው ኢሞጂ ግን 4 ባይት ስለሆነ አይገባም። ደንበኛ በስሙ መጨረሻ የሚስቅ ፊት ሲሰካበት ያኔ ነው ጉዱ። ቴብሉን ብቻም አይደለም፤ ፕሮግራማችሁ ከዳታቤዙ ጋር የሚገናኝበት መስመርም ይኸው መሆን አለበት።

ሰውዬው ተመዝግቧል፤ ስፈልገው ግን የለም ይለኛል። ለምን?

በስሙ ፊደል ነው። እዚህ አገር ዳታቤዝ የሚያሳብደን ከሁሉም በላይ ይሄ ነው፤ ስለዚህ ረዘም ላድርገው።

ለእኛ ጆሮ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» አንድ ናቸው። «ሰ» እና «ሠ»፣ «ጸ» እና «ፀ»፣ «አ» እና «ዐ»ም እንደዚያው። ለዳታቤዙ ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር ያላቸው ልዩ ልዩ ፊደሎች ናቸው። አንዷ ካሸር «ፀሐይ» ብላ ካስገባች ሌላዋ «ጸሀይ» ብላ ስትፈልግ አታገኛትም። አላገኘሁም ብላ አዲስ ትመዘግባለች። አንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ ቆሜ ያየሁት ነው፦ አንድ ሰው አራት ካርድ ነበረው። ሙሐመድ፣ ሙሀመድ፣ መሐመድ፣ ሞሃመድ። የስልክ ቁጥሩ አራቱም ላይ አንድ ነው።

መፍትሔው ስሙን መቀየር አይደለም። ሰው ስሙን እንደጻፈው ይቀመጥ። ከጎኑ «መፈለጊያ_ስም» የሚባል ሌላ ኮለም (ዓምድ) ጨምሩ፤ እዚያ ውስጥ ሞክሼዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ፊደል ይመለሱ። ፖስትግሬስ ላይ ይህን የሚሠራ ትራንስሌት የሚባል ፈንክሽን አለ፦

ትራንስሌት(ስም, 'ሐኀሠፀዐ', 'ሀሀሰጸአ')

በግራ ያለውን እያንዳንዱን ፊደል በቀኝ በትይዩ ባለው ይተካል። ይቺ ለማሳያ ናት፤ በእውነተኛው ላይ ሰባቱንም ዘር ትዘረዝራላችሁ። «ሃ»፣ «ሓ» እና «ኃ»ን ወደ «ሀ»፣ «ኣ» እና «ዓ»ን ወደ «አ» ማምጣትም አይረሳ። ማይኤስኪውኤል ትራንስሌት የለውም፤ ሪፕሌስን ደራርባችሁ ወይም ፕሮግራሙ ውስጥ ሥሩት። ከዚያ የሚፈለገውንም ቃል በዚያው ወንፊት አሳልፉና አወዳድሩ። እግረ መንገዳችሁን «ገ/ሥላሴ» እና «ገብረ ሥላሴ»ንም አስታርቁ።

ይህ ግን «ሙ»፣ «መ» እና «ሞ»ን አይፈታም፤ ልዩነታቸው የድምፅ ነው። ፖስትግሬስ ተመሳሳይነትን የሚለካ ፒጂ ትሪግራም የሚባል ጭማሪ አለው። ቃሉን ሦስት ሦስት ፊደል አድርጎ ይቆርጥና ስንቱ እንደሚገጥም ያያል። ችግሩ የእኛ ፊደል አናባቢውን አብሮ ስለሚይዝ ቃላችን አጭር ነው። «ሙሐመድ» እና «መሐመድ» አምስት አምስት ቁራጭ አላቸው፤ የሚገጥሙት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ውጤቱ 0.25 ይሆናል፤ የመነሻ ወሰኑ ደግሞ 0.3 ነው። ስለዚህ «አይሠራም» ብላችሁ ትተዉታላችሁ። ወሰኑን ወደ 0.2 አውርዱት፤ ይሠራል። የማይመለከተው ስምም አብሮ ይመጣል፤ ካሸሯ ዓይኗን ትጠቀም።

ስምና ስልክ እንዴት ይቀመጥ?

ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፤ በሦስት ኮለም። ፈረንጅ የሠራው ፎርም ላይ ያለውን የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር እርሱት።

ስልክ ቁጥር አይደለም፤ ጽሑፍ ነው። ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ብላችሁ ከሠራችሁት የ09 እና የ07 ዜሮ ይበላል፤ የመሥመር ስልካችን 025ም 25 ሆኖ ይቀራል። ስልክ ደምሮ የሚያውቅ ሰው ደግሞ የለም። ብር ዴሲማል በሚባለው ዓይነት ይሁን፤ ፍሎት የሚባለው ሳንቲም ያዛባል።

ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ባስቀምጠው ምን አለበት?

ዴት በሚባለው ዓይነት ውስጥ ከሆነ ብዙ አለበት። ዴት የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። የሚያናድደው ደግሞ ወዲያው አለመጮሁ ነው። የካቲት 30ን «2016-06-30» ብላችሁ ብታስገቡ ጁን 30 መስሎት ዝም ብሎ ይቀበላል። ጥቅምት 30 ላይ ስትደርሱ «02-30» የለም ይላችኋል። ጥቅምት 29 በ2016 ያልፋል፤ የፈረንጁ 2016 ፌብሩዋሪ 29 ነበረውና። በ2017 አያልፍም። ጳጉሜ ስትመጣ 13ኛ ወር ብሎ ነገር አያውቅም። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ጳጉሜን በሙሉ ነሐሴ 30 አድርጎ ሲያስገባ አግኝቼዋለሁ፤ ሌላ ምን ያድርግ?

ያለፈው ሁሉ ደግሞ ትክክል አይደለም። ከአንድ ቀን እስከ ሌላ ስንት ቀን እንደሆነ ብትጠይቁት በ31 እና በ28 ቀን ወር እየቆጠረ ይነግራችኋል። የዱቤ ቀን ገደብ፣ የመድኃኒት ማብቂያ፣ ሁሉም ይዛባል።

ውስጡ የፈረንጅ ቀን ይቀመጥ፤ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ወደ እኛ ይለወጥ። ወይም «ቀናት» የሚባል ቴብል ሥሩ፤ በአንድ ረድፍ ላይ የፈረንጁ ቀንና የእኛው ዓመት፣ ወር፣ ቀን ይቀመጡ። የሃያ ዓመት ቀን ቢሞላበት ከ7 ሺህ 300 ረድፍ ብዙም አያልፍም፤ ለዳታቤዝ ይህ ቁርስ አይሆንም። «የጥቅምት ሽያጭ» ሲባል ከሱ ጋር ጆይን ማድረግ (ሁለቱን ቴብሎች ማገናኘት) ነው።

የሌሊት ሽያጭ በማግስቱ መሆን ሲገባው በፊተኛው ቀን ይገባብኛል።

ሰርቨሩ ውጭ አገር ነው አይደል? ሰዓቱ ዩቲሲ በሚባለው የዓለም ሰዓት ላይ ነው፤ እኛ በ3 ሰዓት እንቀድመዋለን። ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለው ሽያጭ ለሰርቨሩ ገና ትናንት ነው። በሌላው ጊዜ ማንም ልብ አይለውም። ረመዷን ሲገባ ግን መጋላ ሠፈር ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ነው፤ ያኔ የካሸሩና የባለቤቱ ጠብ ይጀመራል።

ሰዓቱን ከነሰዓት ቀጠናው አስቀምጡ፤ ሪፖርቱ ላይ ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ለውጡት። በተጨማሪም ባለቤቱን «ቀንህ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚዘጋው?» ብላችሁ ጠይቁት። የአንዳንዱ ቀን የሚዘጋው ሱሁር ላይ ነው። ይህን ፕሮግራመር በራሱ አይወስንም።

የዱቤ ሪፖርቱ ዕዳ የለበትም ይላል፤ ሰውዬው ግን ዕዳ አለበት። ዳታቤዙ ተሳሳተ?

ዳታቤዙ አልተሳሳተም፤ ኩዌሪው (ለዳታቤዙ የጻፋችሁት ጥያቄ) ነው። በቁጥር እንየው።

ታይዋን ገበያ ያለ አንድ ጅምላ ሻጭ አስቡ። አንዱ ደንበኛ ሦስት ጊዜ በዱቤ ወሰደ፦ 1,000፣ 2,000 እና 3,000 ብር። ድምሩ 6,000። ሁለት ጊዜ ከፈለ፦ 1,500 እና 2,500። ድምሩ 4,000። የሚቀርበት 2,000 ነው፤ ይህን በጣት መቁጠር ይቻላል።

አሁን ደንበኛን ከሽያጭ፣ ከዚያም ከክፍያ ጋር በአንድ ኩዌሪ ጆይን አድርጉ። ጆይን የትኛው ክፍያ ለየትኛው ሽያጭ እንደሆነ አያውቅም፤ ሁሉንም ከሁሉም ያጋባል። ሦስት ሽያጭ በሁለት ክፍያ ስድስት ረድፍ ሆነ። እያንዳንዱ ሽያጭ ሁለት ጊዜ ተጻፈ፤ 6,000ው 12,000 ሆነ። እያንዳንዱ ክፍያ ሦስት ጊዜ ተጻፈ፤ 4,000ውም 12,000 ሆነ። ሲቀናነስ ዜሮ! ሰውዬው ነጻ ወጣ።

መደመሪያው ትዕዛዝ «ሰም» ይባላል፤ ወርቁን ፈልጉ ያሉን ይመስላል። ድምሩ ሲያጠራጥራችሁ ሰሙን አንሡትና ረድፎቹን ራሳቸውን አውጥታችሁ እዩ። ስድስት ረድፍ ስታዩ ወዲያው ይገባችኋል።

የሚስተካከለው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ሽያጩን ለብቻው በደንበኛ ግሩፕ ባይ አድርጋችሁ (በየደንበኛው መድባችሁ) ደምሩ። ክፍያውንም ለብቻው። አሁን ለአንድ ደንበኛ ከየወገኑ አንድ አንድ ረድፍ ብቻ አለ፤ እነሱን ከደንበኛው ቴብል ጋር በሌፍት ጆይን አገናኙ። ሌፍት ያልኩት ምንም ያልከፈለ ደንበኛ እንዳይጠፋ ነው። የእሱ ክፍያ ነል (ያልታወቀ) ሆኖ ይመጣል፤ ነል ያለበት መቀነስ ደግሞ መልሱም ነል ነው። ስለዚህ ኮአሌስ በሚባለው ነሉን ወደ ዜሮ ቀይሩት። ይህን የረሳ ሪፖርት ላይ ትልቁ ባለዕዳ ባዶ ሆኖ ይታያል።

ነል እና ባዶ ልዩነታቸው ምንድነው?

ባዶ ማለት «ጠየቅሁት፣ የለኝም አለ» ነው። ነል ማለት ማንም አልጠየቀውም ነው። «ስልክ = ነል» ብላችሁ ብትጠይቁ አንድም ረድፍ አይመጣም፤ «ስልክ ኢዝ ነል» ነው የሚባለው። ኖት ኢን (ዝርዝሩ ውስጥ የሌለውን አምጣ) ስትጠቀሙ ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ አንድ ነል ካለ መልሱ በሙሉ ባዶ ይሆናል። በዚህች ብቻ ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ።

ድሮ ፈጣን ነበር፤ አሁን አንድ ሪፖርት ሻይ ያስጠጣል።

ሰርቨር ከመግዛታችሁ በፊት ከኩዌሪው ፊት ኤክስፕሌይን የሚለውን ቃል ጨምሩና አስኪዱት። ቴብሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያነበበ እንደሆነ ይነግራችኋል። ከሆነ ኢንዴክስ (ቶሎ እንዲያገኝ የሚረዳው ማውጫ) የለም፤ ወይም አለ ግን ኩዌሪያችሁ እንዳይጠቀምበት አድርጎታል።

ሁለተኛው ነው የሚበዛው። «ዪር(ቀን) = 2024» ስትሉ ኮለሙን በፈንክሽን ጠቀለላችሁት፤ ቀን ላይ ያለው ኢንዴክስ አይረዳም። «ቀን >= '2024-01-01' እና ቀን < '2025-01-01'» በሉት፤ መልሱ ያው ነው፤ ኢንዴክሱ ግን ይሠራል። በላይክ የጽሑፍ ቁራጭ ስትፈልጉ ፐርሰንቷን (%፣ «ማንኛውም ፊደል» የምትለዋን) ከፊት ስታደርጉም እንዲሁ ነው። መነሻ ፊደሉን ካልነገራችሁት ከየት ይጀምር?

በሁለት ኮለም ላይ የሚሠራ ኢንዴክስ ቅደም ተከተል አለው። በስም ከዚያም በአባት ስም የተደረደረ መዝገብ እጃችሁ ላይ ነው እንበል። ስሙን ካወቃችሁ ቶሎ ታገኙታላችሁ። የአባቱን ስም ብቻ ከነገሩኝ ግን መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ማገላበጥ ነው። ኢንዴክስም እንደዚያው ነው። ሁሉም ኮለም ላይ ደግሞ አትደርድሩ፤ አንድ ሽያጭ በተመዘገበ ቁጥር ሁሉም ይታደሳሉ።

ዌር ረስቼ አፕዴት አደረግኩ። ቀይ መስቀል ልጥራ?

ወንድሜ፣ እኔም ደርሶብኛል። አፕዴት ይቀይራል፤ የትኛውን ረድፍ እንደሚቀይር የሚነግረው ዌር ነው፤ ካልነገራችሁት ሁሉንም ይቀይራል። አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ነበር። የአንድ ዓይነት ሚስማር ዋጋ ልቀይር ተቀምጬ ባለቤቱ ከኋላዬ ቆሞ ያወራል። የመጀመሪያውን መስመር ጽፌ ሴሚኮለን መታሁ፤ ዌሩን ለቀጣዩ መስመር አስቤው ነበር። ከ3 ሺህ በላይ ረድፍ ተቀየረ። ሲሚንቶ፣ ቀለም፣ ቆርቆሮ፣ ሁሉም የሚስማር ዋጋ ሆነ። ባለቤቱ «ጨረስክ?» አለኝ። ከድሬ ሙቀት ጋር ላቤ አልተለየም፤ ያ አዳነኝ። ያለፈውን ሌሊት ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ሌላ ስም ባለው ዳታቤዝ ላይ መልሼ ዋጋዎቹን ከዚያ ገለበጥኩ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ነው የምሠራው። መጀመሪያ ዌሩን ረድፍ ብቻ በሚያሳየው በሴሌክት እሞክራለሁ፤ አንድ ረድፍ ከመጣ ያው ዌር ወደ አፕዴቱ ይሄዳል። ከዚያ በፊት ስታርት ትራንዛክሽን እላለሁ። የተቀየረው ረድፍ ቁጥር ካልጣመኝ ሮልባክ (ወደ ነበረበት መመለስ)፤ ከጣመኝ ኮሚት (ማጽደቅ)። ማይኤስኪውኤል በራሱ ከተተወ እያንዳንዱን ትዕዛዝ ወዲያው ነው የሚያጸድቀው፤ ስለዚህ ስታርቱን መርሳት የለም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ማይኤስኪውኤል ላይ ድሮፕ ቴብል (ቴብሉን ማጥፋት) በሮልባክ አይመለስም። ፖስትግሬስ ላይ ይመለሳል። እወደዋለሁ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም።

ባክአፕ በየሌሊቱ ይወሰዳል። ይበቃል?

ፋይሉን ከፍታችሁ አይታችሁታል? አንድ ቦታ ሦስት ወር ሙሉ በየሌሊቱ ፋይል ይፈጠራል፤ ስሙ ከነቀኑ ያማረ ነው። መጠኑ ዜሮ ባይት። የዳታቤዙ ፓስወርድ ተቀይሮ ማይኤስኪውኤልዳምፕ የሚባለው ባክአፕ መውሰጃ መግባት አቅቶት ነበር። ውጤቱን ወደ ፋይል የሚያዞረው ምልክት ግን ትዕዛዙ ባይሳካም ፋይሉን ይፈጥራል። ማንም መጠኑን አላየም።

ስለዚህ በወር አንዴ ባክአፑን ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሱ። የሽያጭ ረድፎችን ቁጠሩ፤ የመጨረሻው ሽያጭ መቼ እንደሆነ እዩ። የትናንቱን ካሳያችሁ ባክአፕ አላችሁ። ዳታቤዙ እየሠራ ፎልደሩን ወደ ፍላሽ መገልበጥ ደግሞ ባክአፕ አይባልም፤ ግማሹ የድሮ ግማሹ የአዲስ ሆኖ ይገለበጣል። ማይኤስኪውኤልዳምፕ ስትጠቀሙ ሲንግል ትራንዛክሽን የሚለውን አማራጭ ጨምሩበት፤ ኢኖዲቢ (የማይኤስኪውኤል አዲሱ የማስቀመጫ ዘዴ) የሆኑ ቴብሎችን ሽያጭ ሳያቆም የአንድ ቅጽበት ሥዕል ይወስዳል።

አንዱ ኮፒ ከቤት ይውጣ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ያደረገውን የድሬ ሰው አይረሳውም። ጎርፍ ሰርቨሩንና አጠገቡ ያለውን ፍላሽ አይለይም። ሐረር እህት ያለችው እዚያ ያስቀምጥ፤ የደንበኞች ስም ያለበት ፋይል ስለሆነ ግን በፓስወርድ ተቆልፎ ይሂድ።

መብራት ሲጠፋ ዳታው ይበላሻል?

ፖስትግሬስና ኢኖዲቢ የሚያደርጉትን አስቀድመው በማስታወሻ መዝገብ ይጽፋሉ፤ ሲነሡ ከዚያ አንብበው ይጠግናሉ። ኮሚት ያላደረገው ይጠፋል፤ ያደረገው ይተርፋል። አሮጌው የማይኤስኪውኤል ማስቀመጫ ማይአይሳም ግን እንዲህ ያለ ነገር የለውም። የድሮ ቴብል ካላችሁ ወደ ኢኖዲቢ ቀይሩት። ዩፒኤስም ግዙ፤ አሥር ደቂቃ ቢይዝ በሥርዓት ለመዝጋት ይበቃል።

ስሙ ላይ ጭረት ያለበት ደንበኛ ሲመዘገብ ፕሮግራሙ ይቆማል።

በቁቤ ሲጻፉ መሃላቸው ሁዻ (') ያለባቸው ስሞች ናቸው። ያቺ ነጠላ ጭረት ለኤስኪውኤል (ኩዌሪ ለሚጻፍበት ቋንቋ) የጽሑፍ ማብቂያ ናት። ፕሮግራማችሁ የተጻፈውን ስም እንዳለ ኩዌሪው ውስጥ እየለጠፈ ነው ማለት ነው። የዋህ ደንበኛ በስሙ ካቆመው፣ ተንኮለኛ ደግሞ በዚያው ቀዳዳ ገብቶ ዳታውን ያወጣል። ፕሪፔርድ ስቴትመንት ተጠቀሙ፤ ስሙ ከኩዌሪው ተለይቶ ለብቻው ይሂድ። ጭረቷን ከስሙ ላይ ማጥፋት መፍትሔ አይደለም፤ የሰው ስም ነው።

እግረ መንገዳችሁን ፕሮግራሙ ሩት በሚባለው ሁሉን ማድረግ በሚችል ተጠቃሚ እንዳይገባ አድርጉ። ለካሸር የራሷ፣ ለሪፖርት ደግሞ ሴሌክት ብቻ የሚችል ተጠቃሚ ክፈቱ።

ለመለማመድ ዳታ ከየት ላምጣ?

የዕድራችሁን መዝገብ ውሰዱ። አባል፣ ወርኃዊ መዋጮ፣ ቅጣት፤ ሦስት ቴብል ነው። የመጀመሪያው ኩዌሪ «የመስከረምን ማን አልከፈለም?» ይሁን። አባልን ከመስከረም መዋጮ ጋር ሌፍት ጆይን አድርጋችሁ ክፍያው ኢዝ ነል የሆነውን ማውጣት ነው። እኔም የጀመርኩት በእናቴ ዕድር ነበር። ዝርዝሩን አትሜ ለጸሐፊው ሰጠሁ፤ አንደኛ ላይ የእናቴ ስም ነበር።